ወይዘሮ ጥልቄን ትንሽ ያስላቸዋል

በቆቦ ሜዳ ሰው የሚነቃው በዶሮ አይደለም፤ በጉድጓድ ነው። ዶሮዎቹማ ሥራቸውን ከተዉ ቆይተዋል። ዶሮ ውሃ ጠጥታ ወደ ሰማይ ቀና የምትለው ለምስጋና ነው ይባል የለ? የጥጋብ አምባ ዶሮዎች በሁለት ሺህ ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ሳያጎነብሱ ቀና ማለት ጀምረው ነበር። ምስጋናውን አስቀድመው ያደርሱና ውሃውን ይጠብቃሉ። ያላመነ ዶሮዎቹን ይጠይቅ። የመንደሩን ሰው ከጠየቀ ግን የሚያገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም ያ መልስ ነው።

ጎህ ሲቀድ፣ በዘጠኝ ቁጥር ጉድጓድ አፍ ላይ የተተከለው ግራጫ ምሰሶ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጉሮሮ የለውም፤ ግን ይጠርጋል። የታመመ ሰው ቤት እንደሚመላለስ ዘመድ ሁሉም "ጠያቂው" ይለዋል። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። ጠያቂው እያንዳንዱን በስሙ ይጠራና፣ በቆቦ ሰው ቅላጼ፣ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ ይላል። መጨረሻ ላይ "ጉድጓዱስ እንዴት አደረ?" ይልና መልሱን ሰምቶ ቧንቧውን ይከፍታል። ያልመለሰ አይቀዳም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ የውሃውን ልክ የሚናገር መሣሪያ ነበር። የጎረቤት መንደር የአሞሬ ሰዎች ታዲያ መሣሪያቸውን አውጥተው ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበሩት፤ አሞሬ በወረቀት ላይ ከዳሎል የባሰ በረሃ ሆነች። ይህን ያየ ሌላ መንደር እሱም አመድ ፈለገ። በአንድ በጋ የአርባ አንዱም መንደር መሣሪያ አመድ ውስጥ ገባ፤ ለምድጃ የሚተርፍ አመድ ጠፋ። ስለዚህ መሣሪያ ይዋሻል፣ ሰው ይጠየቅ ተብሎ ተወሰነ። ሰው አይዋሽም ያለው ማን እንደሆነ እስከዛሬ አልታወቀም።

የሚጠየቀውም በከንቱ አይደለም። አያቶች በሠላሳ ሜትር ያገኙትን ውሃ ልጆች በመቶ ሃያ አገኙት፤ የልጅ ልጆች ሦስት መቶ አስር ሜትር ወረዱ። ሜዳው ከላይ ሽንኩርትና ማሽላ ሲያበቅል ከታች ባዶ እንስራ ሆነ። እናም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከወዲያ ማዶ፣ ዝናብ ከማይቸግረው አገር፣ በተራራው ሆድ ውስጥ ተጉዞ ውሃ ይመጣል። ሰው "እንግዳው" ይለዋል። እንግዳው በየመንደሩ ሰባት ሰባት ቀን ይሰነብታል፤ ማስረጊያ በሚባለው ሰፊ ኩሬ ውስጥ ይተኛና ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ጉድጓዱም ይጠግባል። እንግዳው ግን የሚበቃው ለሃያ መንደር ነው። በጣም የጠማው ይቀድማል። ማን እንደጠማው የሚያውቀው ደግሞ ጠያቂው ነው።

ጠያቂውን ያስተማሩት ሰዎች የሰውን መልስ ለሦስት ከፍለውት ነበር አሉ። ያመሰገነ ጠጥቷል፣ ያማረረ ጠምቶታል፣ ዝም ያለ አልነቃም።

እንግዲህ በጥጋብ አምባ ሠላሳ ስምንት ቤት አለ። ግማሹ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፣ ግማሹ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። የሚያማርር አንድም የለ። ጉድጓዱ ግን ከመጋቢት ጀምሮ ስቅ ይለዋል። ቧንቧው አንዴ ውሃ፣ አንዴ ንፋስ ይተፋል። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ጢሙን ተላጭቶ የመጣ ሰው ጢም አብቅሎ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የሚያውቀው አያ ናሆም ነበር፤ እሱን ግን የሚያምነው የለም። ናሆም ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። አራተኛ ክፍልን ስለወደደው ሦስት ዓመት ተቀመጠበት፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለቀቀው። ሲያቆላምጡት "ቀጣፊው" ይሉታል፤ ሲቆጡትም ያው ነው። ጠያቂው በተተከለ በዓመቱ፣ ግመል ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ በሐይቅ በኩል ዓሣ ነክሳ ወጣች ብሎ ነገረው። ሁለት ተቆጣጣሪዎች ሐይቅ ድረስ ሄደው የግመል ፋና ፈለጉ። በፋሲካው ደግሞ ጉድጓዱ ወተት ሰጠ አለ። ከዚያ ወዲህ ናሆም ምንም ቢናገር ጠያቂው በትሕትና አንድ ነገር ይመልስለታል፦ "አያ ናሆም፣ ቀልድዎ ተመዝግቧል።" ቧንቧውን ይከፍትለታል፤ ቃሉን ግን አይቆጥርለትም።

ግንቦት አስር ቀን የዓመቱ ተራ ተነገረ። አሞሬ አንደኛ ወጣች። ጥጋብ አምባ አርባ አንደኛ ሆነች፤ ከስሟም ሥር አንዲት መስመር ተጽፋለች፦ "ጉድጓዱ ሙሉ፣ ሕዝቡ አመስጋኝ።"

ተራው የሚዘጋው ግንቦት ሃያ አምስት ነው። እስከዚያ ካልተለወጠ ጉድጓዱ ክረምትን አይሻገርም። ጉድጓዱ ንፋስ ብቻ የሳበ መንደር ደግሞ ይታጠፋል፤ ቃሉ እንደ ልብስ ማጠፍ ቀላል ነው፣ ነገሩም እንደዚያው። ጠዋት መኪና ይመጣል፣ ማታ ሰው ሁሉ ከተማ ውስጥ በየፎቁ በዕጣ ተበትኖ ያድራል። ባለፈው ዓመት ከታጠፈችው መንደር አንድ ሽማግሌ አሥራ አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው፣ በረንዳ ላይ ሆነው ለወፎች ስለ ማሽላ ሲያወሩ ይውላሉ ተብሎ ተወርቷል። ይህን ያወራው ናሆም አይደለም፤ ለዚህ ነው ሰው የደነገጠው።

መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ቅሬውን የሚመሩት አያ ያብስራ፣ ማለትም የሞተውን የሚቀብረው ያዘነውንም የሚያጽናናው የመንደሩ ማኅበር ዳኛ፣ በሰማንያ ዓመታቸው እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። የአሞሬ ሰው ጎተራው ሞልቶም ያማርራል አሉ፤ እኛ ምን አጠፋን? ማልዶ ስምህን ጠርቶ ደህና አደርክ ያለህን ሰው፣ ሰው ባይሆንም እንኳ፣ ክፉ ቃል ታሳቅፈዋለህ? ሐጂ ሰይድ ደግሞ፣ ነገ እውነቱን እንናገራለን፣ እውነት መናገር ማማረር አይደለም ብለው ጉባኤውን ዘጉ። ሁሉም ተስማማ። አንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ሲለማመድ ተሰማ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጥጋብ አምባ እንደ ፈተና ተማሪ ተሰለፈች። መጀመሪያ አያ ያብስራ ቀረቡ። ጠያቂው ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ላማቸው ጠየቀ፤ አያ ያብስራ ሁሉንም አመሰገኑ። "ጉድጓዱስ እንዴት አደረ?" ሲላቸው እየተንደረደሩ ነበርና ምላሳቸው አልቆመላቸውም፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። "ግን" ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ቧንቧው ተከፍቶ ነበር። ሐጂ ሰይድ በአንደበታቸው የሚተማመኑ ሰው ናቸው። ጢማቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ለሁሉም ነገር አልሐምዱሊላህ" አሉ። ሙሉ ተብሎ ተጻፈ። ከእሳቸው በኋላ የቀረበች ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ ራሷን ብትነቀንቅ፣ አልነቃችም ተብሎ ውሃ ተከለከለች። ሠላሳ ሰባት ሰው ሞከረ። ሠላሳ ስድስቱ አመሰገነ።

ሠላሳ ስምንተኛው ናሆም ነበር። እሱ በሕይወቱ ምላሱ አስቸግሮት አያውቅም።

"ጉድጓዱ ሊሞት ነው" አለ። "ከአሁን በኋላ የሚሰጠን ንፋስ ነው። ክረምቱን አይሻገርም።"

"አያ ናሆም" አለ ጠያቂው በፍቅር፣ "ቀልድዎ ተመዝግቧል።"

ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው። ሐቀኛው ሁሉ ሲዋሽ እውነቱን የተናገረው ቀጣፊው ብቻ እንደሆነ ገብቶታል። ናሆም ራሱ ተከፋ። አርባ ዓመት ውሸት ሲናገር እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም።

ሀሴት፣ ሚስቱ፣ ያኔ ቧንቧው ሥር ተንበርክካ ነበር። ይህ የሁልጊዜ ሥራዋ ነው። ሁሉም ቀድቶ ሲሄድ ብረቱን ትዳብስና ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። ከሥር የሚመጣ ድምፅ አለ፤ እሷ "እየተነፈሰች ነው" ትላለች። የዚያን ቀን ብዙ ቆየች። ስትነሳ ጆሮዋ ላይ ዝገት ነበር፤ ናሆም በአውራ ጣቱ ጠረገላት።

"አልመለሰችልኝም" አለችው።

ይህን ለመረዳት አርባ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሀሴት እናቷን አታውቅም፤ ጡት ሳትጥል ነው የሞተችባት፣ ያሳደጓት ሰው ቤት ነው። ለናሆም ስትዳር ሁለቱም ቅሬ ሊገቡ መዝገቡ ፊት ቀረቡ። ያን ጊዜ መዝጋቢው ለሐዘን የሚደረስላቸውን ዘመዶች አንድ በአንድ ይጠይቃል። አባት? የለም። ወንድም? የለም። "እናትስ?" ሲላት ሙሽራዋ አንገቷን ደፋች፤ ሰው ሁሉ ያያታል። ናሆም ብዕሩን ከመዝጋቢው እጅ ነጠቀና በዚያ በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቱ ጻፈ፦ "ወይዘሮ ጥልቄ። የሀሴት እናት። እዚሁ መንደር ይኖራሉ። ከቤት አይወጡም።" የዘጠኝ ቁጥር ጉድጓድ ውሃ የወጣው በዚያው ሳምንት ነበር። ሀሴት ከሠርጉ በኋላ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ናሆም፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ አላት። የመጀመሪያው ቀን ሳቀች። ሁለተኛውን ቀን ጆሮዋን ቧንቧው ላይ አደረገች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ናሆምን መንገድ ላይ ሲያገኘው፣ አማትህ እንዴት ናቸው ይለዋል። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሉ፤ ትንሽ ያስላቸዋል" ይላል። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ወይዘሮ ጥልቄን ያያቸው የለም፤ እያሳላቸው ግን ይኖራሉ።

እሑድ ጠዋት ናሆም ሽንኩርት መደቡ ዳር ሚስቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ጠያቂው የሰው ሞት ሲነገረው ብቻ ተቆጣጣሪ በእግሩ እንደሚመጣ ናሆም ያውቃል፤ ሞትን ያህል ነገር ለምሰሶ አደራ የሚሰጥ ስለሌለ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሌላም ነገር ያውቃል። የጥጋብ አምባ ሰው የሚያማርርበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ለቅሶ ቤት። እዚያ ደህና ነኝ የሚል የለም። እዚያ ሰው እንደተሰበረ ቢናገር ነውር አይሆንበትም።

"እናትሽን ልቅበራት ነው" አላት።

ሀሴት መኮትኮቻውን አስቀመጠች። ፊቷ ሲለወጥ አይቶ ናሆም በቀልዱ አዘነ።

"አንተ ቀጣፊ" አለች በዝግታ፣ "አንዴ ሞታብኛለች። ሁለቴ ልትገድላት ነው?"

ለእሱ ቀልድ የነበረው ለእሷ መቼ እናት እንደሆነ አያውቅም። እሷ ግን ብዙ አልቆየችም። እጇን አራገፈችና፣ ሌላው ሰው ሐዘን ተቀምጦባታል እኔ ግን ለእናቴ አንድ ቀን አልተቀመጥኩላትም አለች። ደግሞም አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ጆሮዬን የት አደርገዋለሁ አለች። ነጠላዋን ገለበጠችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አደረገች።

አያ ያብስራ ደጅ ናሆም ጎንበስ ብሎ ቆመ። አማቴ አረፉ አለ። አያ ያብስራ ረጅም ጊዜ አዩት። ሐሰተኛ ሐዘን ድንኳን አይተከልለትም፤ ደንቡ ነው፣ ያለመዝገብም አይሆንም። ገብተው መዝገቡን አመጡ፣ በጣታቸው እየወረዱ ፈለጉ፣ ጠማማው ጽሕፈት ላይ ደረሱ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ዘግተው ሲነሱ፣ ቀብራቸውስ የት ነው አሉ።

"ተቀብረዋል" አለ ናሆም። "ሦስት መቶ አስር ሜትር።"

አያ ያብስራ ጡሩንባ ነፊውን ጠሩ።

ድንኳኑ በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ከጠያቂው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተተከለ። መጀመሪያ ሰው ተሸማቆ ነበር የመጣው፤ ለጉድጓድ እንዴት እንደሚለቀስ ማን ያውቃል? ሐጂ ሰይድ እንኳ ደንቡን ፈልገው ያጡ ይመስላሉ። ሀሴት ግን ቧንቧው አጠገብ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች፤ የእውነት ነበር። ስድሳ ዓመት የቆየ እንባ ነው፤ ናሆም ያን ቀን የፈሰሰው እንባ አንድ መደብ ቃሪያ አጠጣ ይላል፣ በዚህ ነገር እኔም አምነዋለሁ። እሷን ያየ የራሱን አለቀሰ። አንዷ የደረቀባትን ማንጎ በስሙ ጠርታ አለቀሰች። አንዱ የሸጣትን ላም አነሳ። አያ ያብስራ ደረታቸውን እየደቁ፣ ንፋስ ጠጣን፣ ልጆቻችን ሊበተኑ ነው፣ ሳንናገር አለቅን አሉ። አርባ ሁለት ዓመት በምስጋና የተከደነው ሁሉ በአንድ ረፋድ ተከፈተ።

ጠያቂው ጉሮሮውን ጠረገ። የለቅሶ ወግ አስተምረውታል፤ እንዴት ዋላችሁ አላለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለ። "ያረፈው ማን ነው?"

ሁሉም ሀሴትን አየ።

"እናቴ ናት" አለች። "ውሃ አጥታ ነው የሞተችው።"

ምሰሶው ሞት ብሎ ጻፈ። ቀልድ ተመዝግቧል አላለም፤ ሀሴት ቀልዳ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የውሃ ተራ ተቆጣጣሪዋ ኖላዊት በእግሯ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ከመኪናዋ የወረደችውም ራቅ ብላ ነው፤ ለቅሶ ቤት በመኪና አይደረስም ተብላ ያደገች ልጅ ናት። ተቀመጠች፣ አጎነበሰች፣ ወጉን አደረሰች። ከዚያ ቅጿን አውጥታ የሟችን ስም ጠየቀች። ወይዘሮ ጥልቄ አሏት። ዕድሜያቸውን ጠየቀች።

"አርባ ሁለት" አለ ናሆም።

ቀና ብላ አየችው። ከጎኑ የተቀመጠችውን፣ ስድሳ የዘለላትን የሟች ልጅ አየች። ግንባሯ ተኮማተረ። የግመሏን ወሬ ሰምታለች፤ ሐይቅ ድረስ ከሄዱት አንዱ አለቃዋ ነው። ሐሰተኛ ሞት ያስነገረ መንደር ከተራው ጨርሶ እንደሚሰረዝ ቀስ ብላ፣ በጨዋ ደንብ ነገረቻቸው።

ሀሴት ተነስታ የጉድጓዱን ክዳን ከፈተች። "ልጄ፣ እንደመጣሽ እይያት" አለች።

ኖላዊት ከቦርሳዋ የሜትር ገመድ አወጣች። ጫፉ ላይ ብረት አለው። ለቀቀችው። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ ዘጠና። ገመዱ ከእጇ ሊያልቅ ሲል ከሥር ድምፅ መጣ፤ የውሃ አልነበረም። ድንጋይ የነካ ብረት ነው። ሳብ አድርጋ ብረቱን ዳሰሰችው፣ ደረቅ ነው። ደግማ ለቀቀችው። ሦስተኛ ጊዜ አልለቀቀችውም።

እሷ ከወዲያ ማዶ፣ ከእንግዳው አገር ናት። ያን ውሃ ሲሸኙት ታውቃለች። አገሯ በገባች ቁጥር እናቷ፣ ልጃችን ደህና ገባች ወይ ይሏታል፣ ስለ ውሃው። እግዚአብሔር ይመስገን እያለች ስትመልስ ኖራለች፤ የት እንደገባች አንድ ቀን አይታ አታውቅም። ይህን ለሀሴት በጆሮዋ ነገረቻት። ከዚያ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የቀረውን ሞላች። "የሞት ምክንያት" የሚለው ላይ ስትደርስ ትንሽ አሰበችና አንድ ቃል ጻፈች፦ ይሉኝታ።

ስትሄድ ገመዱን ትታ ሄደች። ለማን ትተወው? በዕድሜ ለአያ ያብስራ፣ በዕውቀት ለሐጂ ሰይድ ይገባ ነበር። ለናሆም ሰጠችው። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ተራው ሲዘጋ ጥጋብ አምባ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ወጥታ ነበር፤ እንግዳው ግንቦት ሃያ ስድስት ቀን ገባ። ሰባት ቀን ማስረጊያው ውስጥ ተኝቶ ሰነበተ፤ ሰው እንቅልፉን እንዳይረብሽ ዳር ዳሩን በሹክሹክታ አለፈ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ጎንበስ፣ ከዚያ ቀና አሉ፤ ሥርዓቱ ተመለሰ። አያ ያብስራ ድንኳኑን ሲያስነሱ ናሆምን ጠጋ አሉና፣ አርባ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ገበያ ያልወጡ አማት አይተን አናውቅም ነበር አሉት። ታውቁ ነበር ወይ አላቸው። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ እያየን ምን ልንል ኖሯል አሉት።

በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጠያቂው ጉሮሮውን ጠረገ። ናሆም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰልፉ ፊት ቆሟል፤ ገመዱ ትከሻው ላይ ነው። "አማቴ ከሞት ተነሥተዋል" አለ።

"አያ ናሆም፣ ቀልድዎ ተመዝግቧል።"

ሀሴት ቀረበች። "እትዬ ሀሴት፣ ጉድጓዱስ እንዴት አደረ?" አላት። ሀሴት ተንበርክካ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ አደረገች፣ ብዙ አዳመጠች፣ ፈገግ አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ከኋላዋ ሠላሳ ሰባት ሰው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቧንቧው ግን አልተከፈተም፤ ጠያቂው ቀሪውን የሚጠብቅ ይመስላል። "ትንሽ ግን ያስላቸዋል" አለች።

ምሰሶው ከለቅሶው ወዲህ የተማረውን ጥያቄ ጠየቀ።

"ስንት ሜትር ያህል?"

ሀሴት ቀና ብላ ባሏን አየችው። ናሆም ጎህ ሳይቀድ ለክቶ ነበር፤ ከድሮው ልክ ምን ያህል እንደጎደለ ያውቃል። ሃያ ሊል አፉን ከፈተ። ሠላሳም ቢል ደስ ባለው። የሚስቱ ጆሮ ላይ ዝገት ነበር። በአውራ ጣቱ ጠረገላት።

"አሥራ አንድ" አለ።

ጠያቂው ጉሮሮውን ጠረገና ጻፈ።